ያገለገለ ባይኖኩላር፦ የሚያተርፈው ቆሻሻና የሚያከስረው ቆሻሻ

ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ገበያ ከካሜራው፣ ከእጅ ሰዓቱና ከቆየው ሬዲዮ ጎን በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ትንሽ ባይኖኩላር አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። ሻጩ አቧራውን በሸሚዙ ጫፍ ጠረግ ጠረግ ያደርግና "የጀርመን ነው" ይላል። ገዢውም ወደ አንድ ሩቅ ሕንፃ ያነጣጥርና ማስታወቂያውን ማንበብ ከቻለ በዋጋው ላይ መከራከር ይጀምራል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ሻጩ በዚያች አንድ ጠረጋ ከሌንሱ ላይ የማይመለስ ነገር አንስቶ ሊሆን ይችላል። ገዢውም ያረጋገጠው ዕቃው ማቅረቡን እንጂ ጤነኛ መሆኑን አይደለም።

የዚህ ዕቃ ንግድ ከሌላው አሮጌ ዕቃ ንግድ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የባይኖኩላር ዋጋ ያለው በሚታየው አካሉ ላይ ሳይሆን በሚያሳየው ምስል ላይ ነው። ቀለሙ የተላላጠና ቆዳው የተነሳ ባይኖኩላር አጥርቶ ሊያሳይ ይችላል፤ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቀው ደግሞ ውስጡን ሻጋታ በልቶት ይገኝ ይሆናል። በመሆኑም በዚህ ዕቃ ለመነገድም ሆነ ለራሱ ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ሁለት ዓይነት ቆሻሻዎችን መለየት ይኖርበታል። አንደኛው በጥቂት ብር ወጪ የሚወገድ፣ ሌላው ገዢ ስለሚፈራው ዋጋ የሚያስቀንስና ለሚያውቅ ሰው ትርፍ የሚያመጣ ነው። ሁለተኛው ግን ቢወለወልም ባይወለወልም የማይለቅ፣ የገዛውን ሰው የሚያከስር ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

በአብዛኛው ባይኖኩላር ላይ 8×20፣ 8×30 ወይም 10×25 የመሰለ ጽሑፍ ይገኛል። የመጀመሪያው ቁጥር ዕቃው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ያመለክታል። 8 ከሆነ በ800 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ነገር በ100 ሜትር ላይ ሆኖ በባዶ ዓይን የሚታየውን ያህል ይታያል። ሁለተኛው ቁጥር የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። በኪስ የሚያዙት ትንንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ያላቸው ናቸው፤ 8×30 የሚባሉት ደግሞ ከነሱ ከፍ ብለው በአንድ እጅ የሚያዙ ናቸው።

ሁለተኛውን ቁጥር በመጀመሪያው ማካፈል ለገዢው ትልቅ ነገር ይነግረዋል። 20 ለ8 ሲካፈል 2.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህ ከባይኖኩላሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጠራራ ፀሐይ ወደ 2 እና 3 ሚሊሜትር ስለሚጠብ 8×20 በቀን ምንም አያንሰውም። ሲመሽ ግን ብሌኑ ይሰፋል፤ በወጣቶች ላይ እስከ 7 ሚሊሜትር ሊደርስ ይችላል። በዚያን ጊዜ 2.5 ሚሊሜትሩ ክብ ስለማይበቃ ምስሉ ይጨልማል። ለምሽት የሚፈልግ ገዢ በኪስ የሚያዘውን ገዝቶ ቢያማርር ጥፋቱ የዕቃው አይደለም።

ይኸው ስሌት ማታለያን ለማጋለጥም ያገለግላል። ባይኖኩላሩን ከዓይን 30 ሳንቲሜትር ያህል አርቆ ወደ ብሩህ ሰማይ ሲያዞሩት በዓይን ሌንሱ ላይ ትንሽ የብርሃን ክብ ትታያለች። የፊት ሌንሱን ስፋትና የዚህችን ክብ ስፋት በማስመሪያ ለክቶ አንዱን ለሌላው ማካፈል እውነተኛውን የማቅረብ ኃይል ይሰጣል። የፊት ሌንሱ 25 ሚሊሜትር ሆኖ ክቧ 3 ሚሊሜትር ያህል ከሆነች ዕቃው የሚያቀርበው 8 ጊዜ ያህል ነው። በአካሉ ላይ 30 ወይም 60 ተብሎ ቢጻፍ ጽሑፉ ሐሰት ነው።

ስምና ትውልድ

ዛሬ ባይኖኩላር የምንለው ዕቃ መሠረቱ ፕሪዝም ነው። በሌንስ ብቻ ቢሠራ ምስሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ወይም ቱቦው በጣም ይረዝማል። ኢጣሊያዊው ኢኛሲዮ ፖሮ በ1854 ብርሃኑን በመስተዋት ፕሪዝሞች አጣጥፎ ምስሉን የሚያቃናበትን ዘዴ አስመዘገበ። የጀርመኑ ካርል ዛይስ ኩባንያ በየና ከተማ ይህንን ዘዴ የተከተሉ ባይኖኩላሮችን በ1894 ለገበያ አቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚህ ዘዴ የተሠሩት ብርሃኑ በሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ቱቧቸው ትከሻ ያለው ይመስላል። ቱቧቸው ከፊት እስከ ኋላ ቀጥ ያለው ደግሞ ሩፍ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ፕሪዝም የያዙት ናቸው።

ይህ ልዩነት ለነጋዴው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ቀጥ ያለ ቱቦ ያላቸው ለኪስ ስለሚመቹና ዘመናዊ ስለሚመስሉ ገዢ ይወዳቸዋል። ይሁን እንጂ በእነርሱ ውስጥ ብርሃኑ ለሁለት ተከፍሎ ተመልሶ ሲገናኝ የምስሉ ጥራት ይቀንሳል። ይህንን ጉድለት የሚያርመውን ልዩ ቅብ ዛይስ ያወጣው በ1988 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቀጥ ያለ ቱቦ ያለው ባይኖኩላር፣ ስሙ የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ ይህ ቅብ የለውም። በመሆኑም በደንብ የተያዘ ባለ ትከሻ አሮጌ ባይኖኩላር በአነስተኛ ዋጋ ተገዝቶ ከውዱ የተሻለ አጥርቶ ሊያሳይ ይችላል።

"ዛይስ" የሚለው ስም ራሱ አንድ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጀርመን ስትከፈል ኩባንያውም ተከፈለ። አንዱ በምሥራቅ ጀርመን በየና ቀረ፤ ሌላው በምዕራብ ጀርመን በኦበርኮኸን ተቋቋመ። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት በስሙ ይገባኛል ሲከራከሩ ኖረዋል። የየናዎቹ "ዴልትሪንተም" እና "የኖፕተም" የተባሉት 8×30 ባይኖኩላሮች በብዛት የተሠሩ በመሆናቸው እስከ ዛሬ ድረስ በአሮጌ ዕቃ ገበያ አይጠፉም። ሁለቱም በ1,000 ሜትር ርቀት ላይ 150 ሜትር ያህል ስፋት ያሳያሉ።

የሶቪየት ኅብረት ፋብሪካዎችም ተመሳሳይ 8×30 ባይኖኩላሮችን በብዛት ሠርተዋል፤ ለውጭ ገበያ የቀረቡት "ቴንቶ" በሚል ስም የተሸጡ ነበሩ። ከ1977 በኋላ ለኢትዮጵያ ሠራዊት መሣሪያ ካቀረቡት አገሮች መካከል ሶቪየት ኅብረትና ምሥራቅ ጀርመን ስለሚገኙበት የሩሲያ ፊደል ያለበት መነጽር ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። እነዚህን የሚገዛ ሰው ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅመዋል። በብዙዎቹ ላይ ምስሉ ወደ ቢጫ ያደላል፤ ይህ የሥሪታቸው ጠባይ እንጂ ተወልውሎ የሚለቅ ቆሻሻ አይደለም። ለጦር የተሠሩት ውስጥ የሚታየው የመለኪያ መስመርም ጭረት አይደለም። ሦስተኛ፣ የሠራዊት ንብረት ምልክት ያለበት ዕቃ ከየት እንደመጣ ሳይጣራ መግዛት ከትርፉ ይልቅ ጣጣው ሊበዛ ይችላል።

ጃፓንም በዚህ መስክ የቆየች ናት። በኋላ ኒኮን የተባለው ኒፖን ኮጋኩ "ሚክሮን" የተባሉ እጅግ ትንንሽ ባይኖኩላሮችን ያወጣው በ1921 ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ የጃፓን ፋብሪካዎች ለውጭ ነጋዴዎች በነጋዴዎቹ ስም እያተሙ ይልኩ ነበር። ስለዚህ በአካሉ ላይ የተጻፈው ስም ብዙውን ጊዜ የሻጩ እንጂ የሠሪው አይደለም። በአንዳንዶቹ ማጠፊያ አካባቢ "ጄ ቢ" ወይም "ጄ ኢ" በሚሉ የላቲን ፊደላት ታጅቦ የሚገኘው ቁጥር የሠሪው መለያ ነው። ሁለት የተለያየ ስም ያላቸውና በዋጋ የሚራራቁ ባይኖኩላሮች አንድ ዓይነት መለያ ካላቸው ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ናቸው ማለት ነው። ይህንን የሚያውቅ ገዢ ለስም ብሎ አይከፍልም።

ከመክፈል በፊት የሚደረግ ምርመራ

ለምርመራው የሚያስፈልገው አንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ማስመሪያና አሥር ደቂቃ ነው።

አንደኛ፦ በዓይን ሌንሱ በኩል በባትሪ እያበሩ በፊት ሌንሱ በኩል ትንሽ ጋደል አድርጎ ወደ ውስጥ ማየት። ከዚያም አገላብጦ መድገም። በውስጡ የተበታተነ ጥቂት አቧራ ቢታይ አያሳስብም፤ በምስሉ ላይ ለውጥ አያመጣም። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። መላ ሌንሱን እንደ ጉም የሸፈነው ደግሞ ከአሮጌ ግራሶ የተነነ ቅባት ነው።

ሁለተኛ፦ የሁለቱን ቱቦዎች መስመር መፈተሽ። ባይኖኩላሩን ወደ ሩቅ ጣሪያ ወይም የመብራት ሽቦ አነጣጥሮ ከዓይን በዝግታ እስከ 15 ሳንቲሜትር ማራቅ። በሁለቱ ክቦች ውስጥ የሚታየው አግዳሚ መስመር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ወጣ ሌላው ወረድ ካለ ዕቃው ወድቆ ወይም ተመትቶ ፕሪዝሙ ከቦታው ተነቃንቋል። የሰው ዓይን ግራና ቀኝ ያለውን ትንሽ መዛነፍ ይችለዋል፤ የላይና የታችን መዛነፍ ግን አይችለውም። እንዲህ ያለው ባይኖኩላር ለአንድ ደቂቃ ሲያዩበት ደህና ይመስላል፤ ሩብ ሰዓት ሲያዩበት ግን ራስ ያሳምማል። ገዢው ቤቱ ገብቶ የሚያማርረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛ፦ በፊት ሌንሱ ላይ የመስኮት ነጸብራቅ ማየት። ነጸብራቁ እንደ ተራ መስተዋት ነጭና ደማቅ ከሆነ ሌንሱ ቅብ የለውም። ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ሐምራዊ ካደላ ባለ አንድ ደረጃ ቅብ ነው። ቅብ የሌለው መስተዋት በእያንዳንዱ ገጹ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። በአንድ ቱቦ ውስጥ 10 ገጽ ቢኖር ከሦስት አንድ እጅ ያህሉ ብርሃን ይባክናል ማለት ነው። የየናው ባለሙያ አሌክሳንደር ስማኩላ ይህንን ብክነት የሚቀንሰውን ቅብ ያስመዘገበው በ1935 ነው። እንደ እሳት ቀይ ሆኖ የሚያብረቀርቀው ሌንስ ግን ለዓይን ማማለያ ተብሎ በብዙ ርካሽ ዕቃዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ የጥራት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

አራተኛ፦ ከላይ የተጠቀሰችውን የብርሃን ክብ ቅርፅ ማየት። በባለ ትከሻዎቹ ላይ ክቧ ሙሉ ክብ ከሆነች ፕሪዝሙ ጥሩ ነው። ጠርዟ ተቆርጦ አራት ማዕዘን ከመሰለች ርካሽ መስተዋት የተሠራ ነው።

አምስተኛ፦ ማስተካከያውን ተሽከርካሪ እስከ መጨረሻው ማዞርና ማጠፊያውን ማንቀሳቀስ። ቢከብድ ግራሶው ደርቋል፤ ይህ የሚታከም ነው። ተሽከርካሪው ሲዞር የዓይን ሌንሶቹ የሚወዛወዙ ወይም ማጠፊያው ልል ሆኖ የሚወድቅ ከሆነ ግን ዕቃው ተበልቷል።

የትኛው ይለቃል፣ የትኛው አይለቅም?

በውጭ ገጽ ላይ ያለ አቧራ፣ የጣት አሻራ፣ ላብና ቅባት ይለቃል። በዓይን ሌንሱ ዙሪያ የተጋገረ እድፍም ይለቃል። የደረቀ ግራሶ ከፍቶ በማጽዳት ይስተካከላል፤ እንደ ጉም የሸፈነው ቅባትም እንዲሁ፣ ባለሙያ ከከፈተው።

ሻጋታ መካከለኛ ቦታ ላይ ነው። ሻጋታ እርጥበት ባለበትና አየር በማይንቀሳቀስበት ቦታ ያድጋል፤ ሲያድግም አሲድ ያመነጫል። በጊዜ ከተደረሰበት ተጠርጎ ይሄዳል። ከቆየ ግን አሲዱ ቅቡንና መስተዋቱን ስለሚበላ ሻጋታው ቢነሳም ዱካው ይቀራል። ከመግዛት በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ስለማይቻል ሻጋታ ያለበትን ዕቃ "ይለቅ ይሆናል" በሚል ተስፋ መግዛት ንግድ ሳይሆን ቁማር ነው።

ፈጽሞ የማይለቀው ጭረት፣ የተላላጠ ቅብና የሁለት ሌንሶች ማጣበቂያ መላቀቅ ነው። በአሮጌ ባይኖኩላሮች ውስጥ ሁለት ሌንሶች የሚጣበቁት ከዛፍ በሚገኝ ሙጫ ነበር። ሙጫው በዘመን ብዛት ይቢጫል፣ ከጠርዝ ጀምሮም ይላቀቃል። በሌንሱ ጠርዝ ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ወይም የፈርን ቅጠል የመሰለ ቅርፅ ከታየ ምክንያቱ ይህ ነው። ጥገናው ከዕቃው ዋጋ በላይ ስለሚያስወጣ በአብዛኛው አያዋጣም።

አወላወሉ

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት አቧራ ማለት በአመዛኙ የደቀቀ ድንጋይና አሸዋ መሆኑን ነው። አሸዋ ከሌንስ መስተዋት ይጠነክራል። አቧራ ያለበትን ሌንስ በጨርቅ ማሸት በአሸዋ ወረቀት ከመፈግፈግ የተለየ አይደለም። ከ50 እና ከ60 ዓመት በፊት የተቀቡ ቅቦች ደግሞ ከዛሬዎቹ የሳሱ ናቸው። ብዙ ያገለገሉ ባይኖኩላሮች የተበላሹት በቆሻሻ ሳይሆን በመወልወል ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። መጀመሪያ ሌንሱን ወደ ታች ደፍቶ በላስቲክ መንፊያ አየር መንፋት። ለካሜራ የሚሸጠው ከሌለ ለሕፃናት አፍንጫ መሳቢያ የሚሸጠው አዲስ ላስቲክ ይበቃል። በአፍ መንፋት ግን ምራቅ ስለሚረጭ አይመከርም። ቀጥሎ ቅባት ባልነካው ለስላሳ ብሩሽ ጠርዝ ጠርዙን በቀስታ መጥረግ። ከዚያ እንደገና መንፋት። አቧራው መነሳቱ ሳይረጋገጥ ጨርቅ መንካት የለበትም።

ከዚህ በኋላ የጣት አሻራ ወይም ቅባት ከቀረ ለሌንስ የተሠራ ጨርቅ ጫፍ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የሌንስ ማጽጃ አድርጎ ከመሐል ወደ ዳር እየዞሩ በለስላሳው መጥረግ ነው። ፈሳሹ በጨርቁ ላይ እንጂ በቀጥታ በሌንሱ ላይ አይንጠባጠብም፤ በጠርዙ በኩል ሰርጎ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላልና። በአንድ ጊዜ ካልለቀ የጨርቁን ንጹሕ ክፍል አዙሮ መድገም እንጂ ተጭኖ ማሸት አይገባም። የሌንስ ማጽጃ ካልተገኘ ሽቶና ቅባት ያልገባበት ንጹሕ አልኮል በጣም ጥቂት ተደርጎ ሊያገለግል ይችላል።

የማይነኩትን ለይቶ ማወቅም ያስፈልጋል። ደረቅ ሶፍት ይጭራል። የመኪና መስተዋት ማጽጃ ብዙውን ጊዜ አሞኒያ ስላለው ለቅብ አይስማማም። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፕላስቲኩንና ቀለሙን ያሟሟል። የጥርስ ሳሙና የሚያጸዳው እየፋቀ ነው። ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ደግሞ ሌንስ አካባቢ ሊደርሱ አይገባም።

አካሉን ለማጽዳት በውኃ ረጥቦ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ በቂ ነው። የቆየውን ጥቁር ቀለም እንደገና መቀባት ግን ዋጋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የአሮጌ ዕቃ ወዳጆች የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ቀለም ነው፤ አዲስ ቀለም ያየ ገዢም ከሥሩ የተደበቀ ነገር ይጠረጥራል።

ካቻቢቴ ከመነሳቱ በፊት

ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው ውስጡን ላጽዳ ብሎ ከመክፈት ነው። የፊት ሌንሱ የተቀመጠባቸው ቀለበቶች በአንዳንድ ሥሪቶች ሆን ተብሎ ከመሐላቸው ወጣ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ፋብሪካው የሁለቱን ቱቦዎች መስመር ያገናኘው እነርሱን በማዞር ነው። ለማጽዳት ብሎ የፈታቸው ሰው መልሶ ሲያጠብቃቸው ቀድሞ በነበሩበት ማዕዘን ካላስቀመጣቸው ምስሉ ሁለት ሆኖ ይቀራል። ፕሪዝሞቹም ቦታቸውና አቅጣጫቸው ሳይለወጥ መመለስ አለባቸው።

ቀጥ ያለ ቱቦ ያላቸው ደግሞ ሌላ አደጋ አላቸው። በብዙዎቹ ውስጥ ካሉት የፕሪዝም ገጾች አንዱ በብር ወይም በአሉሚኒየም ስስ ሽፋን እንደ መስታወት የተለበጠ ነው። ያንን ገጽ ቆሻሻ መስሎት የጠረገ ሰው ዕቃውን ዳግመኛ ወደማይመለስበት ደረጃ ያደርሰዋል። እነዚህን ለባለሙያ መተው ይሻላል።

የከበደ ተሽከርካሪን ለማላላት ተብሎ የዛገ ብሎን ማስለቀቂያ ዘይት መርጨትም የተለመደ ስሕተት ነው። ዘይቱ ለጊዜው ያላላል፤ ነገር ግን ሰርጎ ወደ ፕሪዝሞቹ ይደርሳል፣ ተንኖም በሌንሶቹ ላይ እንደ ጉም ይቀመጣል። ትክክለኛው ሥራ የደረቀውን ግራሶ ፈትቶ ማስወገድና በምትኩ ጥቂት ቀላል ግራሶ መቀባት ነው።

ሂሳቡ እንዴት ይወጣል?

የሚከተለው ለስሌት ያህል የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንድ ነጋዴ ሦስት ባይኖኩላሮችን እያንዳንዱን በ2,000 ብር ገዛ እንበል። ለእያንዳንዱ ማጽጃ 100 ብር አወጣ። ሁለቱ ላያቸው ብቻ ቆሽሾ ስለነበር ጸድተው በ3,500 ብር ሂሳብ ተሸጡ። ሦስተኛው ሻጋታ የበላው ሆኖ ተገኘና በ500 ብር ወጣ። ጠቅላላ ገቢው 7,500 ብር፣ ወጪው 6,300 ብር፣ ትርፉ 1,200 ብር ነው። ሦስተኛውን ባይገዛ ኖሮ በ4,200 ብር ወጪ 7,000 ብር አግኝቶ 2,800 ብር ያተርፍ ነበር። አንዱ መጥፎ ዕቃ ከሁለቱ ጥሩዎች ትርፍ ላይ ከግማሽ በላይ በልቷል። በባትሪ የማየት ሁለት ደቂቃ ዋጋዋ ይህን ያህል ነው።

ደላላም ቢሆን ከዚህ የሚቀስመው አለ። "ጀርመን ነው፣ ኦሪጅናል ነው" ከሚለው ይልቅ "መስመሩ እኩል ነው፣ ሻጋታ የለውም፣ ቅቡ ደህና ነው፣ ውጩ ብቻ ተጭሯል" ብሎ የሚያሻሽጥ ሰው ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታል።

ከውጭ ለማስገባት የሚያስብ ደግሞ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ጉዳዩን ከጉምሩክ ማጣራት ይኖርበታል። ባይኖኩላር ለጸጥታ ሥራም የሚውል በመሆኑ እንደማንኛውም የቤት ዕቃ በሻንጣ ይዞ መግባት ላያስኬድ ይችላል። ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣ አንድ ሁለት ዕቃም ቢሆን ከዚህ ጥንቃቄ ውጭ አይደለም።

ሲጠቀሙበት

ጥሩ ዕቃ ገዝቶ "አያሳይም" የሚል ደንበኛ ብዙ ጊዜ ያላስተካከለው ነው። ስለዚህ ሻጩ ሲያስረክብ ቢያሳየው ራሱን ከአተካራ ያድናል። መጀመሪያ ማጠፊያውን ከሁለቱ ዓይኖች ርቀት ጋር እስኪገጥምና ሁለቱ ክቦች አንድ እስኪሆኑ ማስተካከል ነው። ቀጥሎ የቀኙን የፊት ሌንስ በእጅ ሸፍኖ በመሐሉ ተሽከርካሪ ለግራ ዓይን ማጥራት። ከዚያ የግራውን ሸፍኖ፣ መሐሉን ሳይነኩ፣ በቀኝ የዓይን ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ እያዞሩ ያንኑ ነገር ለቀኝ ዓይን ማጥራት። ቀለበቱ የቆመበትን ቁጥር ያስታወሰ ሰው ከዚያ ወዲህ የሚያዞረው መሐሉን ብቻ ነው።

መነጽር የሚያደርግ ገዢ መነጽሩን ሳያወልቅ መሞከር አለበት። በአሮጌዎቹ ላይ ዓይን ወደ ሌንሱ በጣም መጠጋት ስላለበት መነጽር ላደረገ ሰው የሚታየው መሐሉ ብቻ ሊሆን ይችላል። የዓይን ሌንሱ ጎማ የሚታጠፍ ከሆነ አጥፎ መሞከር ይገባል። በኪስ የሚያዙት ቀላል በመሆናቸው በእጅ ላይ ይንቀጠቀጣሉ፤ ክርንን ከደረት ማስጠጋት ወይም ግድግዳ መደገፍ የሚያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ባለ 10 ከባለ 8 የበለጠ ማቅረቡ እውነት ነው፤ የእጅን መንቀጥቀጥም የሚያበዛው በዚያው ልክ ነው። ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች ባሉባት ኢትዮጵያ ቱሪስት ይዞ የሚዞር አስጎብኚ ሲመርጥ ይህንን ማስታወስ ይኖርበታል፤ ወፍ ፍለጋ ሰፊ ዕይታና የረጋ ምስል ይፈልጋልና። በየትኛውም ባይኖኩላር ግን ፀሐይን ማየት ዓይንን ለዘለቄታው ያሳውራል፤ ለልጅ የሚሰጥ ሰው ይህንን አስቀድሞ መናገር አለበት።

አቀማመጡ

የተገዛው ዕቃ እስኪሸጥ የሚቀመጥበት ቦታ የመጨረሻው የትርፍና የኪሳራ መለያ ነው። ክረምት ላይ የተዘጋ መጋዘን ለሻጋታ የተመቸ ነው። አሮጌው የቆዳ ማኅደር ቢያምርም እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ባይኖኩላሩን በውስጡ ለወራት መዝጋት አይገባም፤ ማኅደሩን ለብቻ አስቀምጦ ሲሸጥ አብሮ መስጠት ይሻላል። ዕቃውን አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ ወይም በሚገጥም ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ በጫማና በቦርሳ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ እንክብል ጨምሮ መክደን ይጠቅማል። እንክብሉ ለዘለዓለም ስለማይሠራ በየጊዜው መለወጥ አለበት። በወር አንድ ጊዜ በባትሪ ማየትም ሻጋታን ገና ሲጀምር ለመያዝ ያስችላል።

ያገለገለ ባይኖኩላር ብዙ ካፒታል የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ዓይን የሚጠይቅ ንግድ ነው። በሚገባ የተሠራ የ1960ዎቹ ወይም የ1970ዎቹ ባይኖኩላር በአግባቡ ከተያዘ ለሌላ ትውልድ ያገለግላል። የሚያስፈልገው ከመግዛት በፊት በባትሪ ማየት፣ ከመጥረግ በፊት አቧራውን መንፋት፣ ከመፍታት በፊትም ሁለት ጊዜ ማሰብ ነው።